ያልተቀመሰው ሾርባ

ትናንት እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት የሕንፃችንን ደረጃ ስወጣ የአጃ ሾርባ ሸተተኝና ፊቴ በሐፍረት ጋለ።

እናቴን የጡት ካንሰር ሲይዛት ልጅ ነበርኩ። ሐኪሙ ብዙ አስረዳት፤ እሷ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ አለች። "ጎረቤታችን ትሁን ናት። ልብስ ሳሰጣ አይታኝ 'እንዴት አምሮብሻል' ያለችኝ ሰሞን ነው የጀመረኝ። ዓይኗ ነው።"

እትዬ ትሁን ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ትኩስ የአጃ ሾርባ ይዘው መጡ። እናቴ አመስግና ተቀበለች፤ በሩ ሲዘጋ ግን "የቡዳ እጅ አልቀምስም!" ብላ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከሶፋው ቀና ብለው ተመለከቷት። "ልጄ፣ ጎንደር ሳለን ሸክላ ስለሠራን እኛን ቤተ እስራኤሎችን ቡዳ እያሉ እህላችንን አይቀምሱም ነበር። እናትሽ ስንቴ አለቀሰች! ይህንን ቃል ባሕር አሻግረሽ አመጣሽው?"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ሳህኑን ልመልስ በሩን ስከፍት እትዬ ትሁን ገና ደረጃው ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። ሳህኑን ተቀብለውኝ "እግዜር ይማራት" ብለው ወረዱ።

ዛሬም ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ቀና ብዬ አላያቸውም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሰባቱንም የሐዘን ቀን እኛ ቤት ተቀምጠው አብረውን አለቀሱ። እህል ግን ይዘው አልመጡም።