ከካርታሄና የመጣ የባሕር ውሃ

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ወዳጄ፣ ከሽቦው መስኮት ጀርባ የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ፎቶ ሰቅሏል። ቢጫ የሰዓት ማማ፣ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ማዶ ባሕር። ከስምንት ዓመት በፊት ሱቁን ሲከፍት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ደንበኛው "አገርህ ምን ይመስላል?" ብለው ጠየቁት። ያኔ የሚያውቀው ዙሉ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የተወለደባትን ከተማ ሆሳዕናን ማስረዳት ቢያቅተው ጣቱን ወደ ፎቶው ቀሰረ። ከዚያ ወዲህ ጎጎ "ጌታ ወደ ባሕርህ ይመልስህ" እያሉ ይጸልዩለታል።

ከተማው የኮሎምቢያው ካርታሄና መሆኑን ከፎቶው ግርጌ አንብቤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለዘገባ ወደዚያው ልሄድ ስል፣ ጎጎ በቆሙበት ፎቶውን እያሳየሁ ተናገርኩ።

"ወደ ልጄ አገር? እንግዲያው ከባሕሩ ውሃ አምጣልኝ" አሉ። እዚህ አገር ወደ ባሕር ዳርቻዋ ደርባን የሄደ ሰው በጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዞ ይመለሳል፤ ለጤናም ለበረከትም ይሉታል።

ወዳጄ በአማርኛ አጉረመረመ። "ጋሼ፣ ጉድ አፈላህብኝ! እውነቱ ከወጣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"ከጠየቁኝ አልዋሽም" አልኩት።

"አንተ እንደሆንክ ለሰላምታም ምስክር ትጠራለህ!"

ካርታሄና ሥራዬን በሦስት ቀን ጨርሼ አራተኛውን ለራሴ ሰጠሁ። ፎቶው አልዋሸም፤ ማማው ቢጫ ነው። ግንቡ ላይ ጥንዶች እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ፤ በአሮጌዎቹ መድፎች አፍ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት አለ። ጠዋት ሥሮቻቸውን ከውሃው በላይ ባቆሙ ዛፎች መካከል በታንኳ አለፍን። ቀዛፊው ሸርጣን ባየ ቁጥር መቅዘፉን ያቆም ስለነበር ጉዞው ረዘመ።

ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዤ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። የጎጎ ትእዛዝ ማዕበሉ ሲመጣ እንጂ ሲመለስ እንዳልቀዳ ነበር። ጠበቅሁት። መጣና እኔንም ጠርሙሱንም አንከባለለን። ራሷ ላይ የፍራፍሬ ሳፋ የተሸከመች ሴት እየሳቀች ቀረበች፤ ጠርሙሱን ተቀበለችኝና ሳፋዋን ሳታወርድ ከጉልበቷ ሸብረክ ብላ ሞላችልኝ። አንድም የፓፓያ ቁራጭ አልወደቀም።

በተመለስኩ ቅዳሜ ሱቁ ስደርስ ጎጎ ቀድመውኛል። "የልጄን ቤት አየኸው?"

ወዳጄ ዳቦ መደርደሩን አቆመ። አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ጎጎ፣ ያ አገሬ አይደለም። የእኔ አገር ባሕር የለውም። መጀመሪያ ቋንቋ አጠረኝ፣ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።"

ጎጎ ያመጣሁላቸውን ጠርሙስ ከፈቱ፤ በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ጸሎቴን በተሳሳተ አድራሻ ስታስልከኝ ኖርክ?"

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ታዲያ አገርህ ምን አለው?"

"ተራራ። ዝናብ። ከቤታችን ጓሮ እንሰት።"

"ፎቶውስ?"

የአገሩን ፎቶ ሰቅሎ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የእናቱ ጓሮ ከስልኩ ታትሞ ከማማው ጎን ተሰቀለ። ጎጎ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፤ በር ላይ የቆሙት ሴት እናቱ መሆናቸውን ጠየቁ፤ ስማቸውንም አጠኑ።

ወዳጄ አሮጌውን ፎቶ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ግን ተቆጡት።

"ተወው! ውሃዬ ከዚያ ነው የመጣው።"