የኮኮናቱ ሰባት ዓመት

ሰርክአዲስን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ያለው የቤልትዌይ አውራ ጎዳና መጨናነቅ አያማርራትም፤ የሚያማርራት ሥራን ለብ ለብ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ላብራቶሪ ከሩቅ ደሴት የሚመጣ ኮኮናት አድርቃለች፣ ፈጭታለች፣ በጣሳ አሽጋ ከጨረር መለኪያው ከትታለች። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ እጅ ከየት ይገኛል!

በደሴቲቱ ላይ ድሮ ከአቶም ቦምብ ሙከራ የወረደው ብናኝ ሲዚየም የሚባል ጨረር ያለበት ነገር ጥሎ ሄዷል። አፈሩ ደግሞ የፖታሽየም ድኻ ነው፤ ዛፉ ፖታሽየም ሲያጣ በባሕርይ የሚመስለውን ሲዚየም ይስባል። ፖታሽየም ያለበት ማዳበሪያ ከተጨመረለት ግን የሚፈልገውን ስላገኘ ሌላውን ይተዋል።

አንዲት የደሴቲቱ እናት ሁለት ዓመት ማዳበሪያ ስትጨምር ከርማ፣ ፍሬውን ከብጣሽ ወረቀት ጋር ላከች፤ «ልጆቼ ከዚህ ይብሉ?» የሚል። ውጤቱ ከተፈቀደው ልክ በጥቂቱ አለፈ። «አይብሉ» የሚል ሪፖርትም ተዘጋጀ። ለሰርክአዲስ ግን አልተዋጠላትም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ማዳበሪያ የት ገባ?

መዝገቧን ገልጣ ስታይ ክው አለች። ፍሬውን የመዘገበችው ለእንቁጣጣሽ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ መንገዱን ሙሉ ለዘመድ ሁሉ እየደወለች «እንኳን ለሁለት ሺህ አሥራ ስምንት አደረሳችሁ» ስትል በመጣችበት ቀን ነበር። ፍሬው የተለቀመበትንም ዓመት 2025 በማለት ፋንታ 2018 ብላዋለች። ሲዚየም በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ኮምፒዩተሩ ፍሬው ሰባት ዓመት የቆየ መስሎት ሲለቀም የነበረውን መጠን ለማግኘት የጎደለውን ሊያካክስ ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«ዶክተር፣ ሪፖርቱን እንዳይልኩት!» አለቻቸው አለቃዋን ዶክተር ጸጋዬን። «ዓመቱን ሚስቴክ አድርጌዋለሁ፤ የአበሻውን ነው የጻፍኩት።»

«አንቺ? በአሥር ዓመት አንድ ኤረር የለብሽም እኮ! ፋይልሽ ውስጥ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

«ይግባ። ልጆቹ ከሚከለከሉ የኔ ስም ይጥፋ።»

ዓመቱ ታርሞ ሁለቱም ለየብቻ አሰሉት፤ ቁጥሩ ከልኩ በታች ሆነ። የስህተቱን ምክንያት ራሷ ጽፋ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረችበት።

ከወራት በኋላ ከዚያችው እናት ሌላ የኮኮናት ሳጥን መጣ። ከላዩ አንድ ፎቶ ተቀምጧል፤ ሦስት ልጆች አፋቸውን በኮኮናት ሞልተው ይስቃሉ። ጀርባው ላይ ቀን ተጽፎበታል። ሰርክአዲስ ዕንባዋን ጠረገችና ዓመቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።