የቀርቀሃው ቃሬዛ

ከዳቡስ ወንዝ ወዲህ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ የመጀመሪያውን አስፈሪ ፊልም የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ፊልሜን ያየ ሰው ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ አንድ መምህራችንማ ዝውውር ጠይቆ አገሩ ገባ። እሺ፣ መምህሩ ዝውውር የጠየቀው ከፊልሙ በፊት ነው። ፊልሙም ቢሆን ሙሉ ፊልም አልነበረም፤ መክፈቻው ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ካሴቱ አለቀ።

እኔ ሳወራ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ነው፣ ወዳጄ። ሚስቴ ግማሹን ትቀንሳለች። አንተም እንደዚያው አድርግ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አቡጀዲ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመጋረጃ ገበር ልገዛ ገበያ ገባሁ። ነጋዴው የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ነካ አደረገና በሁለት እጁ ተረተረው። ሌላ ጨርቅ ሲቀደድ እንዲሁ ይቀደዳል፤ አቡጀዲ ሲቀደድ ግን አንድ ሰው አጠገብህ በረጅሙ ትንፋሹን የሚስብ ይመስልሃል። ከድምፁ ጋር ያ ደረቅ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ተከትሎ መጣ። ነጋዴው ስንት ሜትር እንደምፈልግ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ሳልገዛ ወጣሁ።

ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ክልሉም ገና አዲስ ነበር። ከቢሮዎቹ ግማሾቹ በሰው ሳሎን ተከራይተው ነው የሚሠሩት፤ የሰሌዳቸው ቀለም ሳይደርቅ ስማቸው ይቀየራል። ስብሰባ በየሳምንቱ አለ፤ ለየስብሰባው ባነር ይጻፋል፤ ባነሩ የሚጻፈው በአቡጀዲ ላይ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ጨርቁን የቀደመ ይወስደዋል። በዚያ ዘመን አሶሳ ውስጥ የማንንም ትራስ ልብስ ገልብጠህ ብታይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ታገኝ ነበር።

በግቢያችን ተከራይተው ከሚኖሩት አንዱ የቢሮ ካሜራማን ነበር። ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ የጥይት ሣጥን የሚያህል የቪዲዮ ካሜራ ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው ለካሜራው ነው፤ እሱ ይበሰብሳል። እኔ ውኃ እየቀዳሁለት፣ ሸሚዙን እያጠብኩለት፣ ሁለት ወር ሙሉ ለመንኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ቀርጾ ሲመለስ በር ላይ ጠራኝና ካሴቱ ላይ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ እንደቀረች፣ ካሜራውን ግን ከእሱ በቀር ማንም እንደማይነካው ነገረኝ። ስለዚህ ያ ካሴት ዛሬም ቢታይ የሚጀምረው አንድ ባለሥልጣን ስለ ማዳበሪያ ሲናገሩ ነው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የእኔ ፊልም ይመጣል። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ለተመልካች ትቻለሁ።

ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ሰዎች ሬሳ ተሸክመው ከተማውን ያቋርጣሉ። ማንም ቃል አይተነፍስም። ትልቁ ማንጎ ጋ ሲደርሱ ከከፈኑ ሥር አንድ እጅ ሾልኮ ይንጠለጠላል። ካሜራው ይጠጋል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ይኸው ነው።

ለሬሳነት የመረጥኩት ጓደኛዬን ነበር። በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች ከአንዱ ነው የመጣው፤ ቤተሰቦቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። እሱ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። ሰኞ ሰኞ ከመንደሩ በኪሱ ሞልቶ የሚመጣው የተቆላ በቆሎ ክፍላችንን በሙሉ ያውደው ነበር። ክብደቱ የአንድ ዶሮ ያህል ነው። እሺ፣ የሁለት። ትንፋሹን መያዝም ያውቅበታል፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እየሞተ እየተነሣ በሳቅ ይገድለን ነበር።

እሱ ግን ነገሩን ስነግረው ሳቁን አቆመ።

«ሰው በቁሙ ቃሬዛ ላይ አይተኛም» አለኝ። «እናቴ ብትሰማ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

እኔም እንደ ልማዴ ወደ ቀልድ ወሰድኩት። «ብትታመም የምሸከምህ እኔ ነኝ። ብቻዬን። ከመንደርህ እስከ ሆስፒታል። መንገድ ላይ ሻይ እንኳ አልጠጣም» አልኩት።

«ማልልኝ።»

ማልኩለት። ያኔ ሳቀ፤ እሺም አለ።

ቃሬዛውን ከቀርቀሃ ሠራነው። እርጥብ ቀርቀሃ ሲቆረጥ ለጋ ሣር የታጨደበት ማሳ ይሸታል፤ ሲሸከሙት ደግሞ በየእርምጃው ቋ ቋ ይላል። ጓደኛዬን አስተኛነውና በባነር ጠቀለልነው፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ። ግንቦት ነበር። የወደቀ ማንጎ በየዛፉ ሥር ይፈላል፤ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ የሚመጣው ቢጫ ብርሃን መንገዱ ላይ ተኝቷል። ካሜራማኑ ወደ ኋላ እየተራመደ መቅረጽ ጀመረ፤ እኔ ከጎኑ። አራቱ የክፍላችን ልጆች ቃሬዛውን አነሡ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ለመንገደኛው ማንም አልነገረውም።

በእኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የለም። የታመመም ይሁን የሞተ፣ ተሸካሚው በርታም ይሁን የወሎ ሰፋሪ ወይም የወለጋ ነጋዴ፣ ያየ ሁሉ ይነሣል። ከተሸካሚዎቹ አንዱን በትከሻው ይተካል፤ ጥቂት ይሄድና ለሌላ ያስረክባል። ከሩቅ መንደር አራት ሰው ያነሣው ቃሬዛ ከተማ ሲደርስ አርባ ሰው ይዞ ነው የሚገባው። መኪና በማይገባበት ጭቃ ሕመምተኛ ሆስፒታል የሚደርሰው በዚህ ብቻ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በዚህ ነው ያደግኩት። ለፊልም የሚነሣ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መጀመሪያ የተነሣው የሻይ ቤቱ ባለቤት ነው፤ በርታ ሽማግሌ። የሚያጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠ፤ እጁን በጋቢው ጠረገ፤ መጥቶ ከፊት ያለውን ልጅ ትከሻውን ነካ አደረገው። ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ካሜራውን አየሁ። ቦታውን ለቀቀለት። «ኢናሊላሂ» አለ ሽማግሌው ዝቅ ብሎ ሲገባ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «የማን ልጅ ነው? እናቱ ሰምታለች?» ብሎ ጠየቀ።

የመለሰለት የለም። እኔ ነኝ በድርሰቱ ላይ ማንም እንዳይናገር የጻፍኩት።

ሁለተኛው ተነሣ። ሦስተኛው ብስክሌቱን አጥር ላይ ጥሎ መጣ። ለውዝ የምትሸጠው ሴት ሰፌዷን አስቀምጣ ተከተለች፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ማልቀስ ጀመረች፤ ያልታወቀ ሬሳ የሁሉም ልጅ ነውና። ተማሪዎቹ ከቃሬዛው ሥር አንድ በአንድ ወጡ፤ ጓደኛዬ በእውነተኛ ሰዎች ትከሻ ላይ ሆነ። ሁለት ሺህ ሰው ተከተለን። ቀንስ። ስልሳ ይሆናሉ።

ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል አንሾካሾከልኝ። «ንገራቸው እንጂ።»

«ቅረጽ» አልኩት።

እንዲህ ያለ ሕዝብ የትም አይገኝም ነበር። ማንም ትወና አልተማረም፤ ሁሉም ከልቡ ያዝናል።

ማንጎው ጋ ደረሱ። ጓደኛዬ ከከፈኑ ውስጥ ሆኖ ማን እንደተሸከመው አያውቅም፤ ልቅሶውን ሲሰማ የክፍላችን ልጆች ትወናውን ያሳመሩት መስሎት እንደነበር፣ በኋላ ግን ፍርሃት ፍርሃት እንዳለው ነግሮኛል። የተባለውን አደረገ። እጁ ሾልኮ ወጣ። ተንጠለጠለ። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

የዚያን ጩኸት ነገር ልቀንስልህ አልችልም። ቃሬዛው ካየር ወረደ። ሰው በየጫካው ተበተነ። ካሜራማኑ ራሱ ሮጧል፤ ካሴቱ ላይ ከእጁ ቀጥሎ የሚታየው ሰማይና የማንጎ ቅጠል ነው። ቀርቀሃው ተሰብሯል፤ አቡጀዲው ተፈትቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ጓደኛዬ በላዩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እየሳቀ ነው ወይም እያለቀሰ። እኔ ግን ስቄ ወደቅኩ።

መጀመሪያ የተመለሰው ያ ሽማግሌ ነው። አንድ ጫማው ከቃሬዛው ሥር ቀርቶ ነበር። ጫማውን አላነሣም። ጓደኛዬ አጠገብ ቁጢጥ አለና ክንዱን፣ ጎኑን፣ እግሩን እየዳሰሰ ስብራት ፈለገ። ሲያጣ ቀና ብሎ አየኝ። በትር ጠብቄ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ነው የተናገረው።

«ሰው ቃሬዛ ሲያይ አይጠይቅም፤ ይነሣል» አለኝ። ጫማውን አጠለቀ። «ከዛሬ በኋላ ግን ይጠይቃል።»

ፊልሙ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቀን ታየ። አዳራሹ ከጭብጨባ ብዛት ቆርቆሮው ተነቀለ፤ እሺ፣ ከፊሉ ድሮም ተነቅሎ ነበር። ከተማው አንድ ሳምንት ተቆጣ፤ ከዚያ ሳቀ። ያ ሽማግሌ እንኳ ሻይ ሲቀዳልኝ «ዳይሬክተር» ይለኝ ጀመር። እስከዚያ ድረስ የማንም ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ስም አገኘሁ። ጓደኛዬም ስም ወጣለት። ሕፃናት ከኋላው እየሮጡ «ተነሥ! ተነሥ!» ይሉታል። መጀመሪያ ዘወር ብሎ ምላሱን አውጥቶ ያስቃቸው ነበር። በኋላ ግን ወደ ገበያ በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር። ስለዚህ ነገር አልጠየቅኩትም።

ልጄ ዛሬ በስልኳ በቀን ዐሥር ፊልም ትሠራለች፤ ያንቺ አባት ዳይሬክተር ነበር ስላት አሳየኝ ትለኛለች። ካሴቱ አለ። የሚያጫውተው ማሽን ጠፋ እላታለሁ።

ያ ክረምት አልፎ ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ሲቆም ወባ እንደሚነሣ አሶሳ የኖረ ያውቃል። ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ። በቃሬዛ ያመጡት ቀን እኔ ባምባሲ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ፤ የምነግርህ ከሰው የሰማሁትን ነው። ሌሊቱን አእምሮውን ስቶ ያድርና ጠዋት አባቱ፣ አጎቱና ሁለት ጎረቤቶች በቃሬዛ ያነሡታል። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ አራቱም እየተንሸራተቱ ነው የመጡት፤ የሚተካቸው አላገኙም። ግን ከተማ ስንደርስ ሰው አለ ብለው ተስፋ አድርገዋል። ከተማው አፍ ላይ ያለው የዚያ ሽማግሌ ሻይ ቤት በዚያ ሰዓት ሙሉ ነው።

ሰዎቹ ቃሬዛውን አዩት። ቀርቀሃ ነው፤ ቋ ቋ ይላል። ጨርቁን ከፊቱ ላይ ነፋስ ሲገልጠው ልጁን ለዩት፤ ያው ልጅ ነው፤ ያው መንገድ ነው። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ዛሬስ አልሞኝም» አለ። አባትየው ፊቱን ወደ ሻይ ቤቱ መልሶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየወረደ፣ «ስለ አላህ፣ ትከሻ» አለ። ድምፁ ተቆራርጧል። እሱ የወሎ ገበሬ ነው፤ ፊልም የሚባል ነገር ዓይቶ አያውቅም፤ ሰው ለምን እንደሚስቅ አልገባውም። ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አለፉ።

ማንጎው ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው አለቀና አሳረፉት። አባትየው ፊቱን ገልጦ አየው፤ መልሶ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ አልቸኮሉም።

ወሬው ሲሰማ ከተማው በሙሉ ወጣ። ወደ መንደሩ ሲመልሱት ቃሬዛው መሬት አልነካም፤ ከትከሻ ወደ ትከሻ እንደ ውኃ ሄደ ይላሉ። ለውዝ ሻጯ ሴት እስከ መንደሩ በባዶ እግሯ እየሄደች አለቀሰችለት፤ በዚህ ጊዜ ስሙን እያወቀች።

ባምባሲ ነበርኩ ብያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው እንዲህ ስል፤ ለሚስቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ይህንንም ቀንስ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፤ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ። አባትየው ትከሻ ሲለምን ያ ሽማግሌ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

«ዳይሬክተር» አለኝ፣ «ያንተ ነው?»

ጓደኛዬ መታመሙን ከሦስት ቀን በፊት የመንደሩ ልጅ ነግሮኝ ነበር፤ ስላንተ ይጠይቃል፣ ይምጣ ይላል ብሎኛል። ነገ ዛሬ ስል ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ አየሁት፤ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌው እግሩን ከጫማው አውጥቶ ተቀመጠ።

ቃሬዛው ዞሮ ሲጠፋ የቀርቀሃው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ተነሥቼ አልሮጥኩም። ሻዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት።