ፊት የጠፋበት ፎቶ አንሺ

ጌታነህ ሸዋ በር አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። በፊልሙ ዘመን፣ ፎቶው ከመታጠቡ በፊት የፊልሙን ነጌቲቭ መስኮት ላይ ለጥፎ ጠባሳውንና ሽብሽቡን በቀጭን እርሳስ ያለሰልስ ነበር። ነጌቲቭ ላይ ጠጉር ነጭ ነው፣ ጥርስ ጥቁር። ሌላው ሰው ወንድሙንም አይለይበትም፤ እሱ ግን ከጉርምስናው ጀምሮ ስለለመደው አንዴ አይቶ የፎቶውን ባለቤት ስም ይጠራል።

አምና ክረምት ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ሆስፒታል ሲነቃ አንዲት ሴትዮ እጁን ይዛ ታለቅሳለች።

«እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አላት።

«ጌታነህ! እኔ ነኝ እኮ!»

ድምፁ የሚስቱ የተናኘወርቅ ነበር። ፊቷ ግን የማንም አይደለም። ዓይኗን ያያል፣ አፍንጫዋን ያያል፤ ተሰብስቦ ሰው አልሆን አለው።

«ደም የፈሰሰው አንጎል ፊት በሚለይበት ቦታ ነው» አለ ሐኪሙ። ቁልፉን፣ ብርጭቆውን፣ የሰፈሩን መንገድ አልረሳም። የጠፋበት ሰው ብቻ ነበር።

ቤቱ ሲመለስ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል የሚኖር ሆነ። ተናኘወርቅ ዝም ብላ የገባች እንደሆነ «ማነው?» እያለ ስለሚጮኽ፣ ከደጅ ጀምራ ማውራት ለመደች።

ልጃቸው ሥርጉት ሱቁን ስትለቅ የድሮ ነጌቲቮች አመጣችለት። አንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው።

«ጀይላን! የጊደር መጋላ ገበያው ቅመም ነጋዴ።» ሌላ አነሳ። «ዋፊቃ፣ የዓሊዪ እናት።»

አልተሳሳተም፤ ሁለቱም ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። አጠገቡ የቆመች ልጁን የማያውቅ አባት ሙታኑን በየስማቸው ጠራ። ሥርጉት ወደ ሐኪሙ ሄዳ ነገረችው።

«ከልምድ ብዛት አንጎሉ ለነጌቲቭ ሌላ መንገድ አበጅቶ ይሆናል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» አላት ሐኪሙ።

ማታውኑ ስልኳ ላይ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ የሚያደርገውን መተግበሪያ ከፍታ፣ ካሜራውን ወደ እናቷ አዞረች።

«አባዬ፣ እስቲ ይህን ይዩ።»

ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ መረመረው።

«ተናኜ» አለ በመጨረሻ። «መቼ አረጀሽ?»

ባልና ሚስቱ አለቀሱ። ቀና ብሎ ሲያያት ጠፋችበት፤ ወደ ስልኩ ሲመለስ አገኛት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ እሱ ስልኩን ይዞ ያወራታል። አንድ ቀን ከኋላው ስታልፍ ስልኩ ላይ የቀረውን ፎቶዋን አየችው፤ ጥርሷ ከሰል፣ የዓይኗ ብሌን ነጭ።

«ሥርጉት፣ አባትሽ የሚያውቀኝ ከሙታኑ ጋር ቆጥሮኝ ነው» አለች።

በማግስቱ ግን ጠጉሯን ተሠርታ መጥታ ተቀመጠችለት።