ሰባተኛው ስም

ባለፈው እሑድ ስልኬ ቦታ ሞላብኝ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ፎቶ አላነሳም፣ መልእክትም አልቀበልም አለ። ልጄ ሜላት ከእጄ ወስዳ አገላበጠችውና ሳቀች።

«አባዬ፣ ይሄ ስልክ ነው ወይስ የቀበሌ መዝገብ? 'ከበደ ሹፌሩ'፣ 'ከበደ ባለ ሚኒባስ'፣ 'ከበደ አዲሱ ቁጥር' ብለህ ይዘሃል። ሦስቱም አንድ ቁጥር ናቸው እኮ! መርጅ አድርጌ አንድ ላድርጋቸው?»

«ቆይ» አልኳት።

«ምን ይቆያል? አንዴ መንካት ብቻ ነው።»

አንዴ መንካት ብቻ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የምፈራውም እሱኑ ነው። ቤተሰቡ የሚያሾፍብኝ ሌላም ጠባይ አለኝ። ስልክ ደውዬ ሲነሳልኝ ወዲያው አልናገርም፤ ያነሳው ሰው ሁለት ሦስት ቃል እስኪል ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ «መጀመሪያ ይሰልላል፣ ከዚያ ሰላም ይላል» ትለኛለች። ልክ ናት። የሁለቱም ጠባይ መነሻ ግን አንድ ነው፤ በወጣትነቴ ደባርቅ ላይ ያደረግሁት ነገር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ የጎንደር መኪና ከሚቆምበት አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ስልክ እጠግን ነበር። እጠግን ነበር ማለት እንኳ ትንሽ ማጋነን ነው። ውሃ የገባበትን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ የተሰበረ ቁልፍ እቀይራለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ቻርጅ ማድረግ ነበር። ሞባይል ወደ እኛ አገር ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ስልኩ ገጠር ድረስ ሲዘልቅ መብራቱ ከተማ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ ለገበያ የሚመጣው ሁሉ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ እኔ ዘንድ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እስከ ረፋድ ድረስ መደርደሪያዬ ይሞላል። ክፍሏ የጭስ፣ የቅቤና የበግ ለምድ ሽታ ትሸታለች። ባለቤቶቹ ከገበያ ሲመለሱ ቆሎ ዘግነው ይሰጡኛል፤ ምሳዬን የምሸፍነው ብዙ ጊዜ በዚያ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው መሪጌታ ይትባረክ ነበሩ። ከአምባራስ በታች ባለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱን ቃል ጨርሰው ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው የማያልፉ ሰው። በዚያ አገር ዜማ የሚጠፋበት ካህን ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል ይባል ነበር። ስልኩን የገዛላቸው ወታደር የሆነው የእህታቸው ልጅ ነው። ስሞቹንም እሱ ነበር የመዘገበላቸው።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ስልካቸውን ሰጥተውኝ ወጡ። የዚያን ቀን ከወትሮው ቀለል ብሎኝ ነበርና ስልኩ እስኪሞላ የስም ዝርዝሩን ከፈትኩ። ለምን ከፈትኩት? እውነቱን ለመናገር ሥራ ስለፈታሁ ነው። ወታደሩ ግማሹን ሰው ሲም ካርዱም ላይ ስልኩም ላይ መዝግቦት ኖሮ፣ አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሰባት ሆኖ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ያልተስተካከለ ነገር ካየሁ እጄን ይበላኛል። የተደገሙትን አጠፋሁ። አሥራ ሁለቱ ስሞች በላቲን ፊደል ተራቸውን ይዘው፣ ጽድት ብለው ተሰለፉ። ደስ አለኝ። ሲመጡ ልነግራቸውና ልመረቅ አሰብኩ።

ሲመጡ ግን በሳንቃ በር አድርጎ ወደ አገራቸው የሚወጣው አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ነበር። ስልካቸውን ተቀብለው አጠፉት፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሁልጊዜ አጥፍተው ነበር የሚይዙት። በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው እየሮጡ ሄዱ። ሲከፍቱት ያዩታል ብዬ ተውኩት። ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ማንበብ ያቅተዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

በሁለተኛው ሳምንት አልመጡም። በሦስተኛው መጡ፤ ፂማቸው አድጓል፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ። በርጩማ ሰጠኋቸው። ስልኩን ከነጨርቁ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይህንን ለሚፈልገው ስጥልኝ። ለእኔ ከእንግዲህ አይሆነኝም» አሉኝ።

«ምን ሆኑ መሪጌታ?»

«አዛለች አረፈች።» አዛለች ሚስታቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ አብረው መጥተው የፍየል ወተት አምጥተውልኛል። «እሷስ ቀኗ ነው። እኔን የገደለኝ የልጄ ነገር ነው።»

ልጃቸው ስንዱ ዳባት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። በአገራችን ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ሲነጋጋ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን መሐል አስገብቶ ነው የሚረዳው። ሟች ሩቅ አገር ከሆነ ደግሞ «ታማለች» ተብሎ ይኬዳል፤ እውነቱ የሚወጣው ደጋፊ በሞላበት ደጅ ሲደርሱ ነው። መሪጌታም ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጡ። ዳባት ላለችው ለልጅቷ የክርስትና እናት፣ ለእትዬ ብርቄ ሊደውሉ ነው።

«ነፋስ ነበር። 'አቤት' የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ይቋረጥብኛል ብዬ ፈጠን አልኩ። 'እትዬ ብርቄ፣ አዛለች ዛሬ ማለዳ አርፋለች፤ ለልጅቷ እንዳትነግሯት፤ እናትሽ ትንሽ አሟታል ብላችሁ ደግፋችሁ አምጡልኝ' አልኩ። ወዲያው ተቋረጠ።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልገባኝም ነበር።

«በማግሥቱ ለቀስተኛው ተሰብስቦ እየጠበቅናት ሳለ ስንዱ ብቻዋን ከዳገቱ ብቅ አለች። ደጋፊ የለ፣ ጎረቤት የለ። ነጠላዋን ከዚያው አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። 'ልጄ፣ ማን ነገረሽ?' ብላት 'አንቱ ነዎት የነገሩኝ' አለችኝ።»

በዚህ ጊዜ ያጠፋኋቸው ስሞች ትዝ አሉኝ።

«በምን አውቀው ነበር የሚደውሉት?» አልኳቸው።

«በቁጥር ነዋ። የፈረንጁን ፊደል የት አውቄ! ልጁ ሲመዘግብልኝ ጊዜ አንዴ አስነብቤው ተራውን በቃሌ ያዝኩት። አንዴ ወደታች ስጫን አንደኛው፣ ሁለቴ ስጫን ሁለተኛው። ብርቄ ሰባተኛ ናት። ሰባቴ ተጫንኩ፣ ልጄ ወጣች። ዕድሜ ልኬን ያን ሁሉ ዜማ በቃሌ ይዤ፣ ይህችን ሳትሁ። ልቤ ከድቶኛል። አንድ ሐረግ የሚሳሳት መምህር ተማሪውን ሁሉ ይዞ ገደል ነው የሚገባው። ልጆቹን ወደ ሌላ መምህር ልሰዳቸው ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ልብዎ አልከዳዎትም፤ እኔ ነኝ» ማለት አራት ቃል ነው። አላልኩም። «አይዞዎት፣ ሐዘን ነው» አልኩና ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። እስኪሞላ ገበያ ዞረው መጡ፣ ስልኩን በግድ አስያዝኳቸው፣ ሄዱ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ ግን ለቅልቄ ዝም ያልኩ ነኝ፤ ለዚህ ደግሞ ተረት እንኳ አልተገኘለትም።

ሁለት ሳምንት እንደዚያው ሆኖ አለፈ። ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ ዓይኑን አላይም። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ፤ የሞተች አትመለስ፣ የተነገረ አይመለስ፣ ብናገር ምን ይጠቅማል እያልኩ። አንድ ማለዳ አኩፋዳቸውን ያነገቱ ሦስት ተማሪዎች በደጄ ሲያልፉ አየሁና ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው።

«ከመሪጌታ ይትባረክ ዘንድ። ማስተማር ትተዋል» አለኝ ትልቁ።

በማግሥቱ ክፍሌን ቆልፌ አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ከሳንቃ በር በላይ ሣሩ ላይ ያደረው አመዳይ ገና አልቀለጠም ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፍ ላይ ተቃቅፈው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ከመኪና ወርጄ የሄድኩበትን መንገድ ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ፤ ግራና ቀኙ የገብስ ክምር ነው።

መሪጌታን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ተማሪዎቻቸው ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነው። ምሳ ሳልበላ ተናገር አላሉኝም። የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበ፤ አንዱን ልጬ በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ነገርኳቸው። ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳጠፋሁ፣ ሱቅ መጥተው ሲነግሩኝ ለምን ዝም እንዳልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ጣታቸውን በመቋሚያው ላይ እያነሱ እየጣሉ በቀስታ መቁጠር ጀመሩ።

«አንደኛ አባተ። ሁለተኛም አባተ። ሦስተኛ አድማሱ፣ አራተኛ አድማሱ። አምስተኛ በላይ፣ ስድስተኛ በላይ። ሰባተኛ ብርቄ። ከዚያ ደመቀ፣ ደመቀ። ሞላ፣ ሞላ። አሥራ ሁለተኛ ስንዱ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «እንዲህ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። አንድም አልሳቱም። የተደገሙትን አምስቱን ሳጠፋ ስንዱ ወደ ሰባተኛ ወጣች።»

«እንግዲያ ጤነኛ ነኝ በለኛ!» አሉ። ፊታቸው ላይ የታየውን እረፍት እስከዛሬ ሌላ ሰው ላይ አላየሁም። ሳቅም ሞከራቸው። «እኔማ የተደገመው ሁሉ እንደ ዜማው ሊደገም የሚገባው መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ልጄ፣ ለምን አልጠየቅኸኝም? ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

የያዝኩትን ድንች ወደ ሳህኑ መለስኩት።

«እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገር ግን ዳባት ውረድና ለስንዱ ንገራት። እንዲያ ያለ ነገር ሳልጠነቀቅ እንደ ድንጋይ የጣልኩባት መስሏት ይኖራል።»

ስንዱን ያገኘኋት በዕረፍት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ጠመኔ በያዘው እጇ ጥቁር ነጠላዋን ሰብስባ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«መምጣትህ ደግ ነው። አባባም ልባቸው ጤነኛ ከሆነ እሰየው» አለች። «እኔን የቆረጠኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሰው ይሳሳታል። ስልኩ ሲጮህ እሳቸው መሆናቸውን አይቼ 'አቤት አባባ' ብያቸው ነበር። ድምፄን አላወቁትም።»

«ነፋስ ነበረ። ደግሞ እያለቀሱ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ደግማ «አውቃለሁ» አለችና ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍሏ ሄደች።

መሪጌታ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከሦስቱ ተማሪዎች ሁለቱ ተመለሱ። የስም ዝርዝራቸውን እፊታቸው ተቀምጬ እሳቸው ባሉኝ ተራ፣ የተደገሙትንም ጭምር እንደነበረ መለስኩላቸው። ከስንት ዓመት በኋላ እሳቸውም አረፉ። የእሳቸውን መርዶ የሰማሁት በአግባቡ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ማለዳ ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። የላከቻቸው ስንዱ ነበረች።

«አባዬ፣ ሰማኸኝ?» አለችኝ ሜላት። «እሺ ከበደን ተወው። ይቺ 'ስንዱ ዳባት' የምትባለዋ ሁለት ቦታ አለች። አንዱን ላጥፋው?»

«የትኛው እንደሚሠራ ልጠይቃት» ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። ላይኛውን ነካሁ፤ ጠራ፣ ተነሳ። እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

ስንዱ ስልክ ስታነሳ «አቤት» አትልም፣ «ሃሎ»ም አትልም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ብላም አታውቅም።

«ስንዱ ነኝ» አለች።