የሩሐማ መርፌ

ሩሐማ ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ናት። ስኳር የያዛት በልጅነቷ ነው። አንድ ቀን አለቃዋ መርፌዋን ሽንት ቤት ገብታ ብትወጋ እንደሚሻል ለዘብ አድርጎ ቢነግራት፣ ምሳዬንስ እዚያው ልበላው ነው ወይ ብላ አፉን አስያዘችው። ደፋር ቢሏት ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም።

እናቷ እጸገነት ግን አንድ እሑድ ለመነቻት። የእጮኛዋ የታዲዎስ ሽማግሌዎች ካዛንቺስ ቤታቸው ድረስ ሊመጡ ነው፤ እሱ ስለ ስኳሯ ያውቃል፣ ቤተሰቡ አያውቅም። እሺታው እስኪሰጥ መርፌውን ደብቂልኝ አለቻት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ቤት ጭራሽ መድኃኒቱ ይሸሸግ ተባለ። ሩሐማ በገነች።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሳናገኝ እህል አንቀምስም ብለው እንደተቀመጡ፣ ምሳዋን በሳህን ይዛ ገባች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ወጋች። እናቷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

ዋናው ሽማግሌ የታዲዎስ አጎት ጋሽ መዝገቡ ናቸው። ምንድን ነው ቢሉ፣ ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ነው አለቻቸው። ግራ ገባቸው። እህታቸው፣ የታዲዎስ እናት፣ እንቅርቷ በኦፕራሲዮን ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምትውጠው ኪኒንም ሆርሞን ነው ተብለዋል፤ ታዲያ አንቺስ ለምን አትውጪውም አሏት።

«የእሳቸውን ሆርሞን ጨጓራ አያጠፋውም» አለች። «ደም ውስጥ ተሸካሚ አለው፤ ሴሉ ጋ ሲደርስ ዘልቆ ገብቶ ከውስጥ ያዛል። የእኔው ፕሮቲን ነው፤ ብውጠው እንደ ሥጋ ይፈጫል። በመርፌ ነው ደም ውስጥ የሚደርስልኝ። ሴሉ ውስጥም አይገባም፤ ከውጭ በሩን ያንኳኳል፣ ያኔ ሴሉ ለስኳሩ ይከፍታል።»

ጋሽ መዝገቡ ልጅቷን ወደዷት። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ነገሩ እዚሁ በእኛ መሀል ይቅር። እናቱም ብትሆን ኪኒኗን ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም» አሉ። እጸገነት እፎይ አለች።

«እሳቸው የሚዋጥ ሆነላቸውና ደበቁት» አለች ሩሐማ። «የእኔ ቢዋጥም አልደብቀውም። ሳያውቁ የሚሰጡትን ምርቃት አልፈልግም። አሁኑኑ ይደውሉላቸው።»

ሽማግሌ ሳይቀምስ ልጅ አይበላምና እናቷ ሳህኑን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ሩሐማ አልሰጠችም፤ መርፌው ገብቷል፣ ካልበላሁ ስኳሬ ይወርዳል፣ ሽማግሌ አይጠብቅልኝም ብላ ጎረሰች።

ጋሽ መዝገቡ ስትበላ ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የእህታቸው ድምፅ እስኪሰማ ጠበቁና ዘረጉላት።

«አንቺው ንገሪያት» አሏት።

ሩሐማ ጉርሻዋን ውጣ ስልኩን ተቀበለች።