አባቴ የተሟገተበት መጠጥ ቤት

አባቴ ወሎ ውስጥ ነገረ ፈጅ ነበር። ዳኛ ፊት መቆም የሚፈራ ወይም ባላጋራው የበረታበት ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ነጠላውን አደግድጎ ይቆምለታል። እናቴ ካረፈች በኋላ ባሕር ማዶ፣ እኔ ወደምኖርባት ኮሎምበስ አመጣሁት። እዚህ ግን የሚቆምለት ሰው አጣ። ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ይሰግዳል፣ ሶፋው ጥግ ይቀመጣል፣ ይተኛል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጄን በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ ስለምትመልስለት ቀስ በቀስ ማናገሩንም ተወው።

"አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?" ስለው፣

"ምን ያመኛል? ነገር ጠፋ እንጂ" ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሙዚየም በነፃ አገለግላለሁ። እዚሁ አጠገባችን ደብሊን በምትባል ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቴ አንድ ጊዜ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ልኮን ነው የለመድኩት። ሙዚየም ስል ዕቃ በመስታወት ተዘግቶ የሚታይበት አይደለም፤ መንደር ነው። የድሮ ሰፋሪዎች ጫካ መንጥረው የቆረቆሩትን ዓይነት ከተማ መልሰው ሠርተውታል፤ ወፍጮው፣ አንጥረኛው፣ ዳኛው ሁሉ አለ። የእኔ ድርሻ የእስር ቤት ጠባቂው ሚስት መሆን ነው። በዚያ ዘመን እስር ቤት ማለት ከግንድ የተሠራ አንድ ክፍል ነበር። ጠባቂው ከነልጆቹ ከግድግዳው ወዲህ ይኖራል፤ ሚስቱ ለቤተሰቧ ከጣደችው ድስት ለእስረኛውም ትጨልፍለታለች።

አንድ ቅዳሜ አባቴን ለምኜ ይዤው ሄድኩ። የእስር ቤቱን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ይኼ ሰው ይይዛል?"

"ብዙዎቹ ያመልጡ ነበር አሉ።"

"ከዚያስ?"

"ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ይፈልገዋል። ፖሊስ የሚባል ነገር የላቸውማ።"

"እንደኛ ናቸው" አለና ፊቱ ፈታ አለ።

ለጎብኚዎች የሚቀርበው ችሎት የሚውለው መጠጥ ቤት ውስጥ መሆኑን ስነግረው ግን በሩ ላይ ቆመ። "በዚህ ዕድሜዬ መጠጥ ቤት ልታስገቢኝ ነው?"

"በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፣ አባዬ። ፍርድ ቤት እስኪሠሩ ድረስ ሰፊው ቤት እሱ ብቻ ስለነበር ዳኛው የሚያስችለው እዚህ ነበር።"

ፍርድ ቤት የሚለውን ሲሰማ ገባ።

ዳኛው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ጢሙ እስከ ደረቱ ይደርሳል። አባቴ አንዴ አየውና "አጥቢያ ዳኛ ነው" አለ። የዕለቱ ክርክር የአንድ ሰፋሪ አሳማ የጎረቤቱን በቆሎ ስለማጥፋቱ ነበር። ጎብኚዎቹ የችሎቱ ታዳሚ ሆነው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ከሳሹን የሚጫወተው ልጅ ግን ኮል አድርጎ አሞኛል ስላለ አልመጣም። ዳኛው በቆሎው ለጠፋበት ገበሬ የሚቆም ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። 

የማንሾካሹክለትን ትርጉም ሲሰማ የቆየው አባቴ፣ "ለገበሬው የቆመ የለም?" አለኝ።

"የለም።"

"አለ በያቸው" ብሎ ተነሣ። መሀል ደርሶ ወደ እኔ ዞረ። "እህሉን የበላው ምን ነበር ያልሽኝ?"

"አሳማ።"

"አስተግፊሩላህ! በአሳማ ነገር አልሟገትም። በሬ ይሁንልኝ በያቸው።"

ስተረጉመው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ግን ኮስተር ብሎ ጠረጴዛውን መታና "ከአሁን ጀምሮ በሬ ነው" አለ።

አባቴ ጃኬቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ድምፁን አወጣው። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! "ክቡር ዳኛ! ይህ ሰው ጫካ መንጥሮ፣ ግንድ ነቅሎ ዘራ። በሬ ሕግ አያውቅም፤ የበሬው ጌታ ግን ያውቃል። ከብት ያለው እረኛ ያቁም!" እኔ ከኋላ ከኋላው እየሮጥኩ እተረጉማለሁ። ተከሳሹ አቋርጦ ሊናገር ሲል አባቴ መዳፉን ዘርግቶ "በሕግ አምላክ!" አለው። ሳልተረጉምለት ሰውዬው ባለበት ቀጥ አለ።

ቢሆንም አባቴ ተረታ። በዚያ ዘመን ከብት በጫካው እንደልቡ ይሰማራ ስለነበር አጥሩን ማጥበቅ የዘሪው ግዴታ እንደሆነ ዳኛው አስረዳ። ስነግረው ልቤ ፈራ፤ ወደ ሶፋው ጥግ ይመለስብኛል ብዬ።

"እህሉ ይታጠራል፣ ከብቱ ይለቀቃል?" አለና አሰበ። "አገሩ ጫካ ከሆነ ያስኬዳል። ግን ይግባኝ ብሏል በያቸው።"

ሽማግሌው ዳኛ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። ይግባኙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊሰማ ተቀጠረ።

መኪና ውስጥ ቤት እስክንደርስ አፉ አልተከደነም። አጥሩ ምን ያህል ይቁም ይላል ሕጋቸው? ማን ያየዋል? ጎረቤት ቢመሰክር ይታመናል? የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ኦፍ አልነበርኩም። ልጄ "እኔ እወስደዋለሁ" አለች። ለማስተርጎም ቃላቱን ማወቅ ስላለባት ሳምንቱን ሙሉ ከሶፋው ሥር ተቀምጣ ስታጠና ሰነበተች፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ዋስ፣ እማኝ።

"አባባ፣ ይግባኝ ማለት ትራይ አጌን ነው?"

"አይደለም። ገና አልሰማችሁኝም ማለት ነው።"

ቅዳሜ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። "ማሚ፣ ረታ! አያቴ ረታ!" አለች፣ በአማርኛ። በሬው አጥር መስበር የለመደ አመለኛ ነው፣ ጌታውም ይህን እያወቀ ነው የለቀቀው ብሎ ተከራከረ፤ እማኝም ከጎብኚዎቹ መሀል መርጦ አቆመ። ዳኛው ሲስቅ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ አለችኝ። ለአመለኛ ከብት ጌታው ይጠየቃል ብሎ ፈረደለት።

አሁን ቅዳሜን የሚጠብቀው አባቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳኛው ጉልበቱን ስላመመው፣ አባቴ ወንበሩን ይረከበው እንደሆነ በልጄ በኩል ጠየቀ። ትልቅ ክብር ስለመሰለኝ እሺ እንዲል ወተወትኩት።

"አልፈልግም" አለ። "ዳኛ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። እኔ መች ተናግሬ ጠገብኩና!"